ከፒካፑ ሥር የወጡት ጫማዎች

«እንዴት አደርክ የኔ ጌታ? ባለቤትህ ጥርሷን ተሻላት? አይ ጥርስ፣ ሰውን እኮ ቁጭ ብድግ ያሰኘዋል። ልጆቹስ? እሰይ፣ ተመስገን። ሰማዩ ደግሞ ዛሬ እንዴት ጥርት ብሏል! ለመንገደኛ የተመቸ ቀን ነው… አይ አትነሳ፣ ሥራህን ሥራ። እኔ እዚች ባልዲ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብለህ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ወሬ ነው።»

ይህን ለበያጁ የሚሉት እትዬ ሚዛን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳይመስላችሁ። የዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ካለው የመኪና ሚዛን አጠገብ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጠው፣ የገባውንና የወጣውን መኪና ሃያ ስድስት ዓመት ሲመዝኑ ኖረው ያገኙት ማዕረግ ነው። አሁን የተቀመጡት በብየዳ ቤቱ ግቢ፣ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ነው። ፊት ለፊታቸው የሴት ልጃቸው ባል ፒካፕ ቆሟል። ከፒካፑ ኋላ ተሳቢ ታስሯል። ተሳቢው ላይ የልጃቸው የቤት ዕቃ እንዳለ ተጭኗል። ከፒካፑ ሥር ደግሞ ሁለት የተወለወሉ ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ። ባለጫማው ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ የተሳቢውን የመብራት ሽቦ ያገናኛል። የማን ጫማ እንደሆነ እትዬ ሚዛን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ታዲያስ! ለማን ብለው በጠዋት የመጡ ይመስላችኋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ዛሬ ረፋዱ ላይ ከባሏ ጋር በዚሁ ፒካፕ ረጅሙን ቁልቁለት ወርደው፣ ከታች ባለው ከተማ ወደሠሩት አዲስ ቤት ይገባሉ። እትዬ ሚዛን ትናንት ተሳቢውን ሲያዩ ጭነቱን በዓይናቸው መዘኑት። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ልጅቱ ቀደመቻቸው። «እማዬ በሞቴ፣ ስለ መኪናው ለሱ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ይከፋዋል» አለች። እሺ አሉ። እሺ ካሉ ደግሞ እሺ ነው፤ ለሱ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ለበያጁ እንዳይናገሩ ግን የከለከላቸው የለም። በያጁ እንደሆነ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያወሩት አይመልስም።

«ምን እያልኩህ ነበር? አዎ… መንጠቆህ። እጅህ ይባረክ! ይሄ መንጠቆ እንኳን ተሳቢ፣ ቤት ከነመሠረቱ ይነቅላል። ‘ሦስት ቶን’ ብለህ በነጭ ቀለም ጽፈህበታል አይደል? እውነትህን ነው፣ መንጠቆው ይችላል። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም። እሳቸው መንጠቆው ላይ ያለውን ጽሕፈት አንብበው ‘መኪናዬ ሦስት ቶን ትጎትታለች’ አሉ አሉ። አቤት ብልህነት! የጄኔራል ኮፍያ ያጠለቀ ሁሉ ጄኔራል እንደሚሆን እኔ ከሳቸው ነው የተማርኩት።»

በያጁ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አወረደ። የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም።

«ሞተሩንማ አታንሳብኝ! መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት። በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ፤ ልጄ ስትዳር ለሙሽሪት እናት ሁለት ጊዜ ነግረዋታል… ምን አልኩ? ይቅርታ፣ በአንድ ሰርግ ላይ ነው ያልኩት፣ የማን ሰርግ እንደነበር ረስቼዋለሁ። እኔም ሞኟ ‘መቶ ሃምሳ ፈረስ የሚያቆም ልጓምስ አለው?’ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። ሳቃቸው ደግሞ ሲያምር! ጥርስ ብትል ጥርስ፣ ቁመት ብትል ቁመት። ልጅቷም ‘አፍ ያለው ያግባሽ’ ሲሏት እሺ ብላ… አፍ አገባች። ጥሩ አፍ ነው፣ ምንም አይወጣለትም።

«እኔ ከዚያች መስኮት ሆኜ ስንት ጎበዝ አየሁ መሰለህ። ዳገት ማንንም አይገድልም። አቅም ያነሰው ይቆማል፣ ቢበዛ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ወርደህ ውሃ ትጨምርለታለህ። ቁልቁለት ነው ሰውን የሚፈትነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይሉ የለ? መጀመሪያ ተሳቢው ከኋላ ገፋ ያደርግሃል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ወዳጅ። ፍሬን ትይዛለህ፣ እሺ ይልሃል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይሸትሃል። አምስተኛው ላይ እግርህን ብታሳርፍበት ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርድልሃል፣ ምንም አይከራከርህም። … የኛ ቁልቁለት ኩርባው አሥራ አንድ ነው አይደል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩህ።»

ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ከሥር ይሰማ የነበረው የፒንሳ ድምፅ ግን ቆመ።

«ይሄ ጫማ ደግሞ የማን ነው? አንዱ ጥሎት ሄዷል መሰል… እንዴት ያምራል ባክህ! ፊት ያሳያል እኮ። ጫማውን እንዲህ የሚወለውል ሰው መቼም ፍሬኑን ሳያይ ቁልቁለት አይወርድም። አይደል? … እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

«ባሌስትራ ጨምረህላቸዋል አሉ፣ ለኚያ ለማውቃቸው ሰው። በፊት ሲጫን ቂጡ መሬት ይነካ የነበረው መኪና ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ‘አየሽ፣ አልከበደውም!’ አሏት ሚስታቸውን። ልክ ናቸው። እኔም ወገቤን በቀበቶ ያሰሩኝ ሰሞን ቀጥ ብዬ ስሄድ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ድነሻል አላለኝም፣ ቀናተኛ ነው መሰለኝ። ሻንሲው ያው፣ ፍሬኑ ያው፣ ካምቢዮው ያው… ብቻ ቂጡ ቀና አለ። ሰው ቀና በማለት ብቻ ሰው የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ አንተ በር ላይ ስንቱ ባል ተሰልፎ ባሌስትራ ባስጨመረ!

«ጭነቱም ቢሆን ምን አላት? አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅ። ከታች ትንሽ ሴራሚክ ተነጥፏል፣ አርባ ካርቶን ብቻ። ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ አይታይም። ያልታየ ነገር ደግሞ አይከብድም፣ ይሄም የሳቸው ትምህርት ነው። መንጠቆህ እንዳይጨነቅ ብለውም ከባድ ከባዱን ወደ ኋላ አድርገውታል፤ ርኅሩኅ ናቸው። ኋላው የከበደ ተሳቢ አስፋልት ላይ ጭራውን ሲቆላ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ፊት ያለው መኪና መሪው በማን እጅ እንደሆነ ይጠፋዋል። … ተወው፣ በስንቱ ቤት ያለ ነገር ነው።»

በያጁ ከጭምብሉ ሥር አሳለው። ሳቅ ይሁን ሳል አልታወቀም። እትዬ ሚዛን ቀሚሳቸውን አስተካክለው ባልዲዋን ወደ ፒካፑ ጠጋ አደረጉ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጭነት በሚዛን። አየህ፣ በሩን ስትከፍት ምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ፋብሪካው ነው የለጠፋት፣ ‘አቅሜ ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ አትጫኑኝ’ ብሎ። መኪና እንኳን አቅሙ ተጽፎበት ይወለዳል! ሳይጻፍበት የሚወለደው ሰው ብቻ ነው። ታዲያ እኚያ ሰው መኪናቸውን ሰማያዊ ሲያስቀቡ ‘ይቺ ደግሞ መልኩን ታበላሻለች’ ብለው እሷንም አስቀቧት። ውበት ይወዳሉ። ትናንት ስሳፈር ሳላውቅ ጥፍሬ ነካት… ሳላውቅ አሥር ደቂቃ ያህል ነካት። አራት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ትላለች። መኪናው፣ ሰዉ፣ ዕቃው፣ ተሳቢው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደምሮ።

«መጽሐፉም አለ እኮ፣ ከመሳቢያው ውስጥ። ከነላስቲኩ ነው፣ አልተከፈተም። ንጽሕናቸው! እኔ ባለጌዋ ከፈትኩት። የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ ብዙ ይጎትታል ይላል። የራሱ ፍሬን የሌለው ከሆነ ግን ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ፣ አለቀ። … ይሄ ተሳቢ ፍሬን አለው? አንተ የሙያው ሰው ነህ። ከአሮጌ መኪና የኋላ እግር ተሠርቶ ፍሬኑ ‘ያስቸግራል’ ተብሎ ተነቅሎ የለ? እንዴ፣ ፍሬን እኮ ሥራው ማስቸገር ነው! እንደ አማት።

«ትናንት ደግሞ እንዴት እንደተከበርኩ ልንገርህ። ተሳቢውን ጎትተው ወደዚህ ሲያመጡት እኔንም አሳፈሩኝ። ‘ፋብሪካው በር ላይ ያውርዱኝ፣ የድሮ ባልደረቦቼን ሰላም ልበል’ አልኳቸው። ጉልበቴ አያዘኝም፣ ታውቀዋለህ። ‘እዚች ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቢቆሙልኝ ለመውረድ ይመቸኛል’ አልኩ። ቆሙልኝ፣ ከነተሳቢያቸው! ቀስ ብዬ ወረድኩ… በጣም ቀስ ብዬ። ትንሽ ፈቀቅ እንዳሉ ‘ቦርሳዬን!’ ብዬ ጮህኩ፤ አሁንም ቆሙ። መኪናው ከብረቱ ወርዶ፣ ተሳቢው ብቻ ላዩ ላይ ቀርቶ ነበር። በኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ደግሞ እጇ አያርፍም፤ ሁለቴ ቁልፉን ነካች።»

እትዬ ሚዛን ከደረታቸው ሁለት ቁራጭ የሚዛን ወረቀት አወጡ። ለበያጁ ዘረጉለትና፣ ጭምብሉ ጆሮውን እንደደፈነው ሁሉ፣ ጮክ ብለው አነበቡለት።

«አንደኛው አራት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ። ሁለተኛው፣ ተሳቢው ብቻውን፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። መነጽሬን አልያዝኩም፣ ተሳስቼ ይሆናል። እርግጥ ሃያ ስድስት ዓመት አልተሳሳትኩም። በአንደኛው ላይ እኔም አለሁበት፣ ሰባ ሁለት ኪሎዬን ቀንስልኝ። … በኔ ቦታ ግን ዛሬ ልጄ ትቀመጣለች። አንድ ሆና አይደለም፣ ሁለት ሆና ነው የምትቀመጠው።»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ሰለለ። ፈርተው ነበር፣ ምን ይደበቃል! ያቺን ልጅ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንደገና ማር ሆኑ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ… ልጄ አህያ አይደለችምና እሱን ተረት አላነሳውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውንም ለመንጠቆህ ክብር ስል እተወዋለሁ። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ የፋብሪካው ከባድ መኪና ነገ ጠዋት ባዶውን ወደ ታች ይወርዳል። ሾፌሩ የድሮ ወዳጄ ነው፤ እንኳን አርባ ካርቶን ሴራሚክ፣ እኔንም ከነባልዲዬ ጫን ብለው እምቢ አይለኝም። ተሳቢውን እዚሁ የሚተው ሰው ቢኖር፣ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ በቀላል መኪና ቀስ ብሎ ይወርዳል። … ለማን ነው የምነግርህ? ለማንም! ድንገት የሚጠይቅህ ሰው ካለ ብዬ ነው።»

ከዚያ ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ባለጫማው ካርቶኑ ላይ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፊቱ አቧራ ለብሷል፣ ጆሮው ቀልቷል። ወደ አማቱ አላየም። የፒካፑን በር ከፍቶ የተፋቀችውን ሰሌዳ በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ፤ ሁለት ጊዜ አነበባት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እየደመረ ነው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ወደ ኋላ ሄዶ የመንጠቆውን ፒን ነቀለ። ተሳቢውም ከፊት ባለው ማቆሚያ እግሩ መሬት ላይ ቆመ። ሰውዬው የመብራቱን ሽቦ ሊፈታ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ተጋደመ፤ ጫማዎቹ እንደ ቅድሙ ወጥተው ቀሩ።

በያጁ ጭምብሉን አነሳ። እትዬ ሚዛን ወረቀቶቹን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ መለሱ። እፎይ ብለው ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

«እሰይ! ፒኑን የነቀለው እጅ ይባረክ፣ የማንም ይሁን የማን። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው በየቤቱ ይስጠን፤ ሁለቴ ተመዝኖለት፣ በጥፍር ተፍቆለት፣ ጮክ ተብሎ ተነቦለት… ወዲያው የሚገባው። ለኚያ ለማውቃቸውም ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄንም በሰላም ይገላግልልኝ። የሚወለደው ልጅ ጥርሱን የአባቱን ያድርግለት፣ ቁመቱን የአባቱን ያድርግለት፣ ሞተሩንም የአባቱን ያድርግለት! … ፍሬኑን፣ መሪውንና ሚዛኑን ብቻ፣ አደራ፣ በእናቱ በኩል እናስገጥምለታለን። አሜን በል እንጂ አንተ! … ጫማዎቹም አሜን ይበሉ።»