የጠጋኙ መዳፍ

«አረጋውያኑ ቀዝቃዛ ዕቃ አይወስዱም አሉ። ካልሞቀ አይሠራም ብለው ያምናሉ አሉ።»

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኙ ይህን ወሬ ከሰኞ ጀምሮ ስለደጋገሙት፣ የወንድማቸው ልጅ «ማን አለ?» ብላ መጠየቁን ትታዋለች። አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈው ጠረጴዛ ላይ፣ ለአረጋውያን መጦሪያው የሠሯቸው አሥራ ሁለት የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ የቆርቆሮ ሳጥኖች ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክተው ተደርድረዋል። ነገ በየአልጋው ራስጌ ይቀመጣሉ። ጠጋኙ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን ቆርቆሮ በመዳፋቸው ይዘው፣ «ለብ ብሏል፤ ይሂድ» ይላሉ።

እሷ ቴርሞሜትሯን አንዱ ሳጥን ላይ ለጥፋ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሁለት ዲግሪ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የፈተሸ እጅ ከዚህ ብልጭልጭ ያንሳል?»

«ጣጣውስ እሱ አይደል? ሠላሳ ዓመት ትኩስ ብረት የጨበጠ እጅ የጫማ ሶል ሆኗል።»

«ምላስሽ ከሳጥኑ ይብስ ያቃጥላል። የሻይ ብርጭቆስ ከዚህ አይሞቅም?»

«ብርጭቆ ሲያቃጥልዎ ያስቀምጡታል። አንዲት እናት እጃቸውን ሳጥኑ ላይ እንደጣሉ እንቅልፍ ቢወስዳቸውስ? እንጨትና ፕላስቲክ ሙቀታቸውን ቀስ ብለው ነው የሚሰጡት፤ ብረት ግን አይሰስትም። ነክተው ሲተዉት ምንም የማይል ሙቀት፣ ሲተኙበት ቆዳ ይልጣል። እጅ ሊያድርበት የሚችል ነገር ከአርባ ሦስት ዲግሪ ማለፍ የለበትም።»

ጠጋኙ በቃል የሚረቱ ሰው አልነበሩም። እሷም ቃሉን ተወችው።

«እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡና በክንድዎ ውስጠኛው በኩል ይንኩት።»

ነኩት። ሁለት እንኳ ሳይቆጠር ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ የቀላውን ቆዳ ትክ ብለው አዩት።

«ለካ የሰውን ቆዳ በራሴ መዳፍ ስለካ ነው የኖርኩት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀዝቃዛ አንወስድም ቢሉስ?»

«መሥራቱን የምትነግራቸው ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ናት፤ ቃጠሎው አይደለም።»

ቀኑን ሙሉ ሠሩ። በየጎኑ የአየር ቀዳዳ በሱ፣ የሚግለውን ክፍል ከቆርቆሮው አራቁት፣ እጅ የሚያርፍበትን በእንጨት ሸፈኑት። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ያልጋለ ሳጥን ሆዱም ቶሎ አይበላሽም፤ ለጥገናም ተመልሶ አይመጣም። ጠጋኙ ቴርሞሜትሩን ከጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀሉትና፣ «ከእንግዲህ እሱ ሳያየው የሚወጣ የለም» አሉ።

መጦሪያው ሳጥኖቹን በተረከበ ማግስት፣ ልጅቷ ስትጠርግ የጠረጴዛው እግር ከወረቀቱ ላይ ተንሸራተተ። ወረቀቱን አንስታ ዘረጋችው። የመጦሪያው የትዕዛዝ ደብዳቤ ነበር፤ አጎቷ «ትዕዛዝ በአፍ ይበቃል» ብለው ሳያነቡ የሸጎጡት። «የብዙዎቹ እጅ ስሜት የለውም» ይላል፤ «ሳጥኑ እንዳይሞቅ አደራ።»

አጥፋ መልሳ ሸጎጠችው። ጠረጴዛው ያለሱ ይንገዳገዳል።