የቱቦው ክዳን የት ነው?

ማክሰኞ ግንቦት 19 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ።

አባታችን በዚያው ቀን ጎህ ሲቀድ ዐርፏል፤ ቀብሩ ለማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። ወንድሜ ኢዮስያስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሀገረ ማርያም ላይ ጭነት እየጠበቀ ስለነበር አልሰማም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለሹፌር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አጎታችን ጋሼ ደበበ ከይርጋጨፌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዞ፣ በማግስቱ ማለዳ ካደረበት ቤት ሄዶ ሊያረዳው ተስማማን። እስከዚያ እኔም፣ ታናሽ እህታችን ትጊም፣ ማንም እንዳይደውልለት ተባለ።

ግን የሻወር ቤቱ ቱቦ ተደፍኖ ቆሻሻው ውሃ ወደ ግቢው ወጣ። ቱቦው የሚከፈትበት ክዳን የት እንደተቀበረ የሚያውቁት አባዬና ኢዮስያስ ብቻ ነበሩ። ደወልኩለት፤ አላነሳም። ቆይቶ እሱ ደወለ።

— ሄሎ... ሄሎ፣ ኢዮሲ? ... አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ሔለን። ትሰማኛለህ? ... ቆይ ወደ ጓሮ ልውጣ፣ እዚህ ሰው... እዚህ አይሰማም።

— አሁንስ? ... እሺ። ደህና ነህ? ምሳ በላህ? ... እኛማ ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

— አይ፣ ምንም አልሆነም። ... ደጋግሜ ደወልኩ እንዴ? ... ድምፄ ምን ሆነ? ጉንፋን ነው። ትናንት ስትዘንብ አደረች እኮ። ... አዎ፣ ዲላን ታውቃት የለ፣ ከጀመረች አታባራም።

— ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እየነዳህ ነው? ... ቆመሃል? እርግጠኛ ነህ? ... ሞተሩንም አጥፋው እስቲ። ... ምናለበት፣ አጥፋልኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያጓራል። ... ጎሽ።

— የሻወር ቤቱ ቱቦ ተደፈነ። ... ይኸው ነው። ለዚህ ነው የደወልኩት። ... ሳቅ አንተ! አንተ ምን አለብህ፣ እኛ እዚህ ልንዋኝ ነው። የማድ ቤቱም ውሃ በሻወር ቤቱ በኩል ተመልሶ እየወጣ ነው። ከሻወር ቤቱ አልፎ ግቢ ገብቷል። ግቢው ቁልቁል አይደል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ድን... ወደ ደጁ ነው የሚወርደው።

— አባዬን? ... አዎ፣ አባዬ ያውቀዋል፣ ማን አያውቅም አለ። ... የለም። ወጥቷል። ... ወናጎ። ... ወናጎ ለቅሶ ሄደ። ... እኔ ምን አውቃለሁ ማን እንደሞተ፣ የጥንት የሥራ ባልደረባው ይመስለኛል።

— ደውለህለት ነበር? መቼ? ... አሁን፣ ለኔ ከመደወልህ በፊት? ... አዎ፣ ሲጠራ ሰማነው። ትጊ ልታነሳው ስትል ዘጋ። ... ጥሎት ሄዷል። ቻርጅ ላይ ሰክቶ ረስቶት ይወጣ የለ።

(ትጊ፣ የአባዬን ስልክ አጥፊው። ዝም ብለሽ አጥፊው! እዚህ አጠገቤ አታልቅሺ፣ ይሰማሻል።)

— ምንም፣ ትጊን ነው። ... ማታ ሲመጣ ይክፈተው? አይሆንም ኢዮሲ፣ እስከ ማታ ማን ይጠብቃል። ሰው አለብን። ... እንግዳ ነዋ። ... ኧረ ብዙም አይደለም፣ አሥር አሥራ አምስት ሰው ይሆናል።

(ወንበሩን እዚያ አታውርዱት! ውሃው ይደርስበታል! በዚህ፣ በአጥሩ በኩል ደርድሩት... አዎ፣ ሁሉንም!)

— ወንበር ነው። ለእንግዶቹ። ... ምን ዓይነት እንግዳ ማለት ምን ማለት ነው? ... እሺ፣ እነግርሃለሁ፣ ግን ለማንም እንዳትተነፍስ። ለትጊ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ... አዎ፣ የኛ ትጊ! ... ልጁ የፍስሐ ገነት ከተማ ሰው ነው ይላሉ። አስተማሪ ነው።

(ዝም በይ ትጊ። ሌላ የምለው ጠፋኝ እኮ።)

— ሳቅ፣ ሳቅ። አንተስ መቼ ነው የምታገባው? ጎማ ስትቀይር ልታረጅ ነው። ... እሷን? አታናግርህም፣ አፍራለች። ... አዎ፣ የምታለቅሰው እሷ ናት። ሽማግሌ የሚመጣባት ልጅ ታለቅስ የለ?

— ማክሰኞ ሽማግሌ አይላክም? ማን ነው ያለው? የፍስሐ ገነት ሰዎች ማክሰኞ ይልኩ ይሆናላ። ... አባዬማ ለምን ይቀራል፣ ይመለሳል። ቀጠሮው አሥር ሰዓት ነው። ... እና ለቅሶ ይቀራል እንዴ? ደርሶ ይመጣል። አንተ ደግሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታጣራለህ!

(ጋሽ ግዛቸው፣ ቆይ! አይቆፈር! እየጠየቅኩት ነው፣ አንድ ደቂቃ!)

— ጋሽ ግዛቸው ናቸው፣ ጎረቤታችን። ... አዎ፣ እኒያ ዲጂኖ የሚወዱት። ሁለት ቦታ ቆፈሩ። አንዱ አቮካዶው ሥር፣ አንዱ የሮቶው ጥግ። አፈር ብቻ ነው የወጣው። የአቮካዶውን ሥር በጣጠሱት፣ አሁን ደግሞ የንጹሑን ውሃ ቱቦ ካልሰበርኩ ብለዋል። ... አትሳቅ አልኩህ! «አባታችሁ የቀበረው ክዳን ነው ወይስ ወርቅ?» ይሉኛል ደግሞ።

— ... እ? ... አይ፣ ሳል ነው። ጉንፋን ይዞኛል አልኩህ እኮ።

— የሚመጥጥ መኪናማ ጠየቅን። ዛሬ አይገኝም አሉን። ... ጨው? የፈላ ውሃ? ሁሉን ሞከርን፣ ጭራሽ ባሰበት። ረጅም ዘንግም ከሻወር ቤቱ በኩል ከተትን፣ ጥቂት ገብቶ አልሄድ አለ።

— የምን መዝሙር? ... የጎረቤት ነው። ... ኧረ ቴፕ ከፍተው ነው። ... በኅብረት ቢዘምሩስ፣ በቴፕ በኅብረት አይዘመርም?

(በሩን ዝጉልኝ በናታችሁ! ስልክ ላይ ነኝ!)

— ኢዮሲ፣ የክዳኑን ቦታ ንገረኝና ልዝጋ። ... ውሃው? ጥቁር ነው። ቅባት አለው። ... ምን ይዞ ነው የሚወጣው? ክር ክር የሚል ነገር አለበት። ቢጫ፣ እንደ ፀጉር ያለ። ... ቆይ ልንካው... ኤጭ... አዎ፣ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም።

— ቃጫ? ... አዎ። የእንሰት ቃጫ ነው፣ ልክ ነህ። ድስት የፈተጉበት ነው። የተቃጠለውን ድስት ሌላ ነገር አያስለቅቀውም፣ ከዚያ ውሃውን ከነቃጫው ሻወር ቤቱ ውስጥ ደፉት። ... ማን ደፋው? እኔ። እኔ ነኝ የደፋሁት። ... ስንት ድስት ነው? ሁለት። ... ሦስት። ... በቤታችን ድስትማ ቃጫ አያስፈልግም፣ ግን ስፖንጁ አልቆ... አንተ ስለ ድስት ምን አስጨነቀህ፣ ስለ ክዳኑ ንገረኝ!

— ምን አልክ? ... ከዚህ በፊት? ... አዎ፣ ተደፍኖ ያውቃል። ... አንዴ ብቻ። ... አስታውሳለሁ። በአያታችን ጊዜ ነው። ... አዎ፣ የእድር ሴቶች ነበሩ ያጠቡት። በእድሩ ትልልቅ ድስት። ... አዎ፣ ያኔም ቃጫ ነበር።

— ሄሎ?

— ሄሎ፣ ኢዮሲ? ትሰማኛለህ? ... ኢዮሲ!

— አለህ? ... እሺ። አለህ።

— አትጠይቀኝ። ... በናትህ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ አትጠይቀኝ። ስለ ቱቦው ብቻ ጠይቀኝ። ... ይህን የምናገረው እኔ አይደለሁም። የሚናገር ሰው አለው። ... አዎ፣ ጋሼ ደበበ ነው። ነገ ማለዳ ካለህበት ይመጣል። ... እኔ ምንም አልነገርኩህም። እሺ? ምንም አልነገርኩህም።

— ... እየሰማሁህ ነው። ... ተንፍስ መጀመሪያ። አልቸኩልም። ... ረዳትህ አጠገብህ ነው? ... እሺ፣ አጠገብህ ይሁን። አይራቅ።

— ስለ ክዳኑ? ... አሁን ልትነግረኝ? ... እሺ። ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— ሮቶው ሥር አይደለም። ... በሮቶውና በአቮካዶው መሀል። ... ጠፍጣፋው ድንጋይ? አባዬ ቦቲውን የሚያጥብበት? ... እሱ ሥር? ... እንዴ! ሁላችንም እኮ እላዩ ላይ ቆመን ነው ቆፍሩ ቆፍሩ የምንለው። ጋሽ ግዛቸው ይኸው ደክሟቸው ተቀምጠውበታል!

(ጋሽ ግዛቸው፣ ይነሱ! ከድንጋዩ ላይ ይነሱ! ... የተቀመጡበት ሥር ነው! ... አዎ፣ እሱ ራሱ። ድንጋዩን አንሡና አፈሩን በእጅ ጥረጉት። ዲጂኖ አይነካውም! የብረት ቀለበት አለው፣ ገመድ አስገብታችሁ ለሁለት ወደ ላይ ሳቡት።)

— ነገርኳቸው። ... አናጎነብስበትም፣ እሺ። መጀመሪያ ሽታው ይውጣ። ... የቱን ቀርከሃ? ... ከጣሪያው ሥር የታሰረውን? እሱ ለዚህ ነበር እንዴ? እኔ ለአንቴና ይመስለኝ ነበር። ... ከጉድጓዱ ወደ ሻወር ቤቱ ነው የሚገፋው፣ ገባኝ። ከሻወር ቤቱ በኩል ከተገፋ ይጠቀጠቃል። እኛ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እየጠቀጠቅነው ነበር።

(ከታች ነው አለ! ከታች ወደ ላይ! ቃጫው በሻወር ቤቱ በኩል ብቅ ሲል ሳቡት፣ መልሳችሁ እንዳትገፉት!)

— ከፈቱት። ... ከፈቱት ኢዮሲ! ... ኡፍፍ፣ ሽታው! (ትጊ፣ ራቂ ከዚያ!) ... እየሳቡ ነው። ይህ ሁሉ ቃጫ! የተጎነጎነ ፀጉር ነው የሚመስለው፣ አያልቅም እንዴ? ... ጋሽ ግዛቸው እየተሳደቡ ነው፣ ማንን እንደሚሰድቡ እንጃ።

— ቆይ... ቆይ... እየወረደ ነው። ስልኩን ላስጠጋልህ... ሰማኸው? ... ዋጠው! ሻወር ቤቱም እየጎደለ ነው። ግቢው ላይ ያለውንም በመጥረጊያ ወደ ጉድጓዱ እየነዱት ነው። ... አዎ፣ ወደ ድንኳኑ አይደርስም።

— ... አዎ። ድንኳን ነው ያልኩት።

— እማዬ? ቤት ውስጥ ናት። ሴቶቹ አብረዋት ናቸው። ... አልቀመሰችም። ... እሺ፣ አንተ ብለሃል ብዬ ወተት እሰጣታለሁ። ... አይ፣ አሁን ስልኩን አልሰጣትም። ድምፅህን ከሰማች እሷም አንተም አትችሉትም። ... አውቃለሁ። አውቃለሁ ወንድሜ።

— ነገ ስንት ሰዓት? ... ዘጠኝ። ... አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

— ስማኝ አሁን። አትንዳ። ... ኢዮሲ፣ መሪ እንዳትነካ። ... አሁን ቢነሱ ከመምሸቱ በፊት ይደረሳል፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ጠመዝማዛ በእንባ አትወርደውም። ... ጥሩ ሹፌር መሆንህን ማን ካደ? ማንም አልካደህም። ዛሬ ግን አትነዳም። ... እደር። ጋሼ ደበበ ደርሶ አብራችሁ ትመጣላችሁ። ... ካልሆነልህ ቁልፉን ለረዳትህ ሰጥተህ በሰው መኪና ና።

— «አያለሁ» አትበለኝ። እሺ በለኝ። ... እሺ በለኝ ኢዮሲ! እማዬ ከዚህ በላይ ሌላ አትችልም፣ እኔም አልችልም። ... ምን አልክ? ... ድምፅህ ይቆራረጣል። እሺ አልክ? ... ሄሎ? ... ኢዮሲ፣ እሺ ብለሃል? ... ሄሎ? ሄሎ?

ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል። ለጋሼ ደበበ ደውዬ፣ ኢዮስያስ ገብቶታል፣ ከፈለግህ ተቆጣኝ አልኩት፤ ምንም ሳይቆጣኝ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ከሀገረ ማርያም በኩል የጭነት መኪና ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር እስከ አስፋልቱ እየወጣሁ ተመለስኩ።

ኢዮስያስ ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሚኒባስ ዲላ ገባ። መኪናው ሀገረ ማርያም እንደቆመ ነበር።