የወይዘሮ ለተብርሃን ፍሪታታ

አሥራ አራት ዶላር የተከፈለበት ፍሪታታ ሳይነካ ቀዘቀዘ። አስመራ ሳለን ጎረቤቴ የነበሩት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ሳን ሆዜ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ከገቡ ወዲህ ብዙ ነገር ረስተዋል። ምግብም እንቢ ብለው "ፍሪታታ" ብቻ ይላሉ። ልጃቸው ሰናይት ከጣሊያን ሬስቶራንት ገዝታ ብታመጣላቸው ገፉት።

"ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ እኮ ነው! ለምን ሪጀክት አደረገችው?" አለችኝ።

"ልጄ፣ ቃሉ በጣሊያንኛ የተጠበሰ ማለት ነው፤ እነሱ እንቁላሉን እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው ይጠብሱታል። አስመራ ስሙን ከጣሊያን ወሰደች እንጂ እንቁላሉን በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ እያማሰለች ነው የምትሠራው" አልኳት።

በማግስቱ ኦክላንድ ካለው ምግብ ቤቴ ራሴ ሠርቼ ከዳቦ ጋር ይዤላቸው ሄድኩ፤ ሰናይትም አጠገባቸው ነበረች። ገና ሲሸታቸው ፈገግ አሉ። ሁለት ጊዜ ጎረሱና የቀረውን በሌላ ሳህን ከደኑት።

"ይብሉ እንጂ" አልኳቸው።

"የእሱ ድርሻ ነው። ሳይበላ ሥራ አይሄድም" አሉኝ።

እኔ ሳህኑን ተቀብዬ ለእሱ አስቀመጥኩላቸው። ሰናይት ግን፣ "እማዬ፣ አባዬ እኮ ከሞተ ቆየ" አለቻቸው።

"መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?" ብለው መርዶ እንደሰማ ሰው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ።

ሳሰላው፣ ያተረፍነው ሁለት ጉርሻ ነው። እሳቸው ግን ባላቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበሩ።