ገለባ የለበሰችው ፔጆ

ሸዋ ሮቢት ላይ አቶ ሚልኪያስን የማያውቅ ቢገኝ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ጨብጠው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቁልፋቸውን ከወገባቸው ያልፈቱ፣ ተቀምጠው ሲያወጉ እንኳ ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሚፈልግ ሰው ነበሩ። በዓለም ላይ የሚኮሩባትም አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ፔጆ ነበረቻቸው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው፣ በጥር ወር አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ይህችን ፔጆ ከሮቢ ወንዝ ዳር አቁመው ያጥቧት ነበር። እሑድ የጎረቤታቸው የእህል ነጋዴው የአሊዪ ልጅ ኑርሃን ወደ አጣዬ ትዳራለች፤ ሙሽራዋን የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። የኑርሃንን እናት ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ስለነበሩ፣ «ስትወለድም በእኔ መኪና፣ ስትዳርም በእኔ መኪና» ብለው ቃል ከገቡ ዓመታት አልፈዋል።

በዚሁ ሰዓት የሙሽራዋ ታላቅ እህት መሊካ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነችው፣ ለተማሪዎቿ ሙከራ የወንዝ ውሃ በጠርሙስ ልትቀዳ ወረደች። ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ጤና ተጠያይቀው፣ ስለ ሠርጉ ድግስ ጥቂት አወጉ። መሊካ ግን ዓይኗ ከሽማግሌው እጅ ላይ አልነሣ አለ። አቶ ሚልኪያስ አሸዋ ያዘለውን ውሃ በባልዲ ይደፉና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ነስንሰው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ፀሐይ ያጋለውን ብረት ይፈትጋሉ። ይህን ሲጨርሱ ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ አንሥተው እንደ ሙሽራ ገላ ይወለውሏታል። ፔጆዋም ለጊዜው ታብረቀርቃለች። ልማድ ሲያረጅ ዕውቀት ይመስላልና፣ ከዚህ የተሻለ አስተጣጠብ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለች መሊካ።

«እድፉ ነዋ ልጄ።»

«የወንዙ አሸዋ ቡናማ ነው፤ የመንገዱ አቧራ ነጭ ነው። ሰማያዊ እድፍ ከየት መጣ?»

አቶ ሚልኪያስ ጨርቁን አዩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ይዘውት ልብ ብለው አይተውት አያውቁም። ይሁን እንጂ ትልቅ ሰው በልጅ ፊት ጨርቅ ሲመረምር መታየቱ ደስ አላላቸውምና አጣጥፈው ከኮት ኪሳቸው ከተቱት። ናፍጣው ወዲያው እስከ ሸሚዛቸው ዘለቀ።

«ስሚኝ፤ መኪና ማለት እንደ ራስ ጠጉር ነው። ቅባት ካላገኘ ይነጫል፣ ይሰነጣጠቃል። ይህን ከአለቆቼ ነው የተማርኩት።»

«አለቆችዎን አላህ ይማራቸው። ግን ጠጉር ቢረግፍ ከሥሩ ይበቅላል፤ ቀለም ምን ሥር አለው? ጆንያውና አሸዋው ይፍቁታል፣ የልብስ ሳሙናው መከላከያውን ይገፍፈዋል፣ ናፍጣው ደግሞ የተረፈውን ያላላዋል። ኮፈኑን ይዩት፤ መሐሉ ላይ ብረቱ ወጥቷል።»

«እሱ ዕድሜ ነው።»

«እኔም ባረጅ በጆንያ ይፈትጉኛል?»

አቶ ሚልኪያስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። መሊካ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሻምፖ እንዳለ፣ ከታጠበም በኋላ ስስ ሰም እንደሚቀባ ነገረቻቸው። ሰም የተፈጠረው ለጧፍ እንጂ ለፔጆ አይደለም ብለው ተሟገቱ። እሷም ሰሙ ፀሐዩንና የወፉን ኩስ እየመከተ ለቀለሙ ጃንጥላ እንደሚሆነው አስረዳች። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ማስቀየም ነውር ነውና፣ ሽማግሌው አንድ ነገር ፈቀዱ፦ ከአራቱ በሮች የኋለኛው ቀኝ በር ለትምህርት ይሰጥ፣ የቀረው ለልምድ ይቆይ።

ከሰዓት በኋላ መሊካ ሻምፖውንና ሰሙን ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝታ መጣች። ፔጆዋን ከአቶ ሚልኪያስ ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር አስቁማ ሁለት ባልዲ አቀረበች፤ አንዱ ለሻምፖው፣ ሁለተኛው ጨርቁ አሸዋውን የሚያራግፍበት። መጀመሪያ ናፍጣው እስኪለቅ ደጋግማ አጠበች፤ ከዚያ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች አብሳ፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀች፣ አደረቀች፣ ሰሙን በስሱ ቀባች፤ ደረቅ ብሎ ሲነጣም ወለወለችው። አቶ ሚልኪያስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ለአንድ በር ይህን ያህል ወግ ከሆነ ለመላው መኪና ቄስና ሼህ ሊጠሩ ነው እያሉ አጉረመረሙ። እሷ ስትሄድ ደግሞ እልህ ያዛቸውና ለቀረው አካል ናፍጣውን እጥፍ አድርገው ደገሙለት።

ቅዳሜ ጠዋት አሊዪ የቀወት ገጠር ነዋሪ የሆኑትን አክስቱን እትዬ ጣይባን ለሠርጉ ለማምጣት አቶ ሚልኪያስን ይዞ ወጣ። ወሩ የውቂያ ወር ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በየአውድማው ገበሬው ጤፉን ለነፋስ ይሰጣል፤ ነፋሱም ፍሬውን ለባለቤቱ ትቶ ገለባውን ለፔጆዋ ሰጠ። አንደኛውን አውድማ ሲያልፉ ጥቂት ብናኝ አረፈባት። ሦስተኛውን ሲያልፉ ኮፈኑ ብጫ ሆነ። ከአምስተኛው ወዲያ አቶ ሚልኪያስ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው ሲያዩ፣ ፔጆዋ ከመብራት እስከ መብራት ገለባ ለብሳለች። ወርደው በእጃቸው ሊያራግፉ ሞከሩ፤ ናፍጣው እንደ ሙጫ ይዞት አልለቅ አለ፤ እጃቸውም ገለባ ለብሶ ተመለሰ።

እትዬ ጣይባ ምርኩዛቸውን ይዘው ከደጅ ወጡ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ጥቂት ትክ ብለው አዩና፣ «አሊዪ፣ መኪና ይመጣል ብለኸኝ የሣር ክምር ነድተህ መጣህ?» አሉ።

ከዚያም ነጭ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወደ መኪናዋ ሲቀርቡ ጫፉ የፊቱን በር ነካ። ጥቁር መስመር አወጣ፤ በመስመሩም ላይ ገለባ ተሰካበት። አክስቲቱ መኪናዋን ዞሯት። የኋለኛው ቀኝ በር ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ላይ ያረፈ ገለባ የለም፤ አቧራውም አንድ ጊዜ በሻርፓቸው ሲመታ ረገፈ፤ የገዛ ፊታቸውም ታያቸው። «በዚች እገባለሁ» አሉና በሩን ከፈቱት።

በመልሱ ጉዞ አሊዪ ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በአክብሮት፣ ቃሉን እየመረጠ፣ የኑርሃን ቀሚስ ነጭ መሆኑን፣ ከሙሽራው ወገንም አንድ ዘመድ መኪና አለኝ ማለቱን አነሣ፤ አቶ ሚልኪያስም ደክመዋልና ቢያርፉ ብሎ ተወው።

ለአቶ ሚልኪያስ ይህ ከስድብ ይከብድ ነበር። ያቺ ልጅ ስትወለድ የገቡት ቃል በገለባ ሊወሰድ ነው። መሪውን እንደያዙ ጥፋተኛ ፈለጉ፦ ነፋሱን ጠረጠሩ፣ ገበሬውን ጠረጠሩ። የኋለኛው በር ግን በዚያው ነፋስ፣ በዚያው መንገድ አልፎ ንጹሕ ነው። አንድ መኪና ላይ ሁለት ምስክር ተቀምጦ፣ አንዱ ራሳቸው ላይ መሰከረባቸው። ሰው ከመጻሕፍት ይልቅ ከገዛ በሩ ሲማር እንዲህ ነው።

ከተማ እንደገቡ እትዬ ጣይባን አድርሰው በቀጥታ ወደ መሊካ ሄዱ።

«ልጄ፣ ያ ሻምፖ አልቋል?»

መሊካ ብትስቅ ኖሮ ምናልባት ይመለሱ ነበር። እሷ ግን ሻምፖው እንዳለ ተናግራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተከተለቻቸው። በዚያው የግድግዳ ጥላ ሥር ገለባው ወረደ፣ ናፍጣው ወረደ፣ የሠላሳ ዓመት ትዕቢትም አብሮ ሳይወርድ አልቀረም። ብረቱ የወጣበትን ኮፈን ዝገት እንዳይበላው በሠርጉ ማግስት ቀለም ቀቢ ዘንድ ሊወስዱት ቃል ገቡ። አሊዪ ሲመሽ መጥቶ ፔጆዋን አያት፣ እጁን በኮፈኑ ላይ አሳለፈ፣ መዳፉንም ተመለከተ። ንጹሕ ነበር። «ነገ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

እሑድ ኑርሃን በነጭ ቀሚሷ ፔጆዋ ውስጥ ገብታ፣ ምንም ሳይነካት አጣዬ ደረሰች። እሷን አውርዶ ለሙሽራው ማስረከብ ብቻ ሲቀር፣ ከሙሽራው ወገን መኪና ያመጣው ብርሃኑ የሚባል ሾፌር ቀይ መኪናውን ሊወለውል ከመቀመጫው ሥር አንድ እርጥብ ጨርቅ አወጣ። አቶ ሚልኪያስ ሽታውን ከአሥር እርምጃ ለዩት። ሞተር አጥፍተው ወረዱ።

«ወንድሜ፣ ጨርቅህን አሳየኝ። ይህ ቀይ ነገር ምንድን ነው? የመኪናህ ቀለም ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናዬን በጨርቅ እየቆረስኩ ወንዝ ስከት የኖርኩ ሰው ነኝ። በጥላ ሥር፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በመኪና ሻምፖ እጠባት፤ በየሁለት ወሩ ሰም ቀባት። አቧራ አይጣበቅባትም፣ ብረቷ አይዝግም፣ የተሳፋሪ ልብስ አታበላሽም፤ የምትደፋው ናፍጣም ለሞተርህ ይተርፍሃል። ከወንዙ ራቅ ብለህ ካጠብክ ደግሞ ከታች ከብት የሚያጠጣው ሰው ይመርቅሃል። የወፍ ኩስ ካረፈባት...»

ሽማግሌዎቹ ከደጅ ቆመዋል፤ ሙሽራው ሰዓቱን ያያል። ብርሃኑ ግን ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ በጽሞና ይመረምር ጀመር። ኑርሃን የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ ሚልኪያስ፣ እኔን ያስረክቡና ትምህርቱን ይቀጥሉ።»