የዛሬ ስምንት ኑ

ጋሽ ጣሰው ከቦንጋ ገበያ አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ዘው ቢሉ፣ የሥራ ባልደረባቸውን አብርሆትን ተቀምጣ አገኟት። ሁለቱም የሕፃናት ሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። እሷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ እሳቸው ደግሞ ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን በየማክሰኞው በጀሶ እያሰሩ ሲያቃኑ ያረጁ ፊዚዮቴራፒስት።

«እንኳን አገኘሁዎት! በእርስዎ ክፍል ጥናት ልንጀምር ነው» አለቻቸው።

ጋሽ ጣሰው ክው አሉ። «አለቅን በይኛ! በዚህ አገር ጥናት መጥቶ ሰው ሳይቀንስ የሄደው መቼ ነው? የወንድሜን መሥሪያ ቤት አጠኑት፣ አጠኑትና እሱን ሩቅ ገጠር ቢታ ገነት ወረወሩት!»

«ኧረ ምርምር ማለቴ ነው! ጀሶ ከጀመሩት ልጆች ብዙዎቹ መሃል ላይ ይቀራሉ። ለምን ይመስልዎታል?»

«እናቶቹ ቸልተኞች ናቸዋ! ደግሞ ምርምር የዶክተሮች ነው። እኔን ጀሶ አቡኪውን ምን አገባኝ?»

«ዶክተሩ ልጁን አንዴ አይቶ ወደ እርስዎ ይልከዋል። ሳምንት በሳምንት እግሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ? ሥራ አስኪያጁ እኮ ልጆቹ እንዲህ ከቀሩ ክፍሉን ዘግተን ጅማ እንልካቸዋለን ብለዋል።»

«በየሳምንቱ እንደ ዋጫ ካለ ሩቅ ቦታ ጅማ? ማን ይችላል! እግራቸው እንደተጣመመ ሊቀር ነው እኮ!» አሉ።

ጋሽ ጣሰው ክፉ ሰው አይደሉም። «አውቃለሁ» የሚባል በሽታ ግን ይዟቸዋል፤ እሱን ደግሞ ጀሶ አያቃናውም።

ማክሰኞ ዕለት፣ አብርሆት ስልክ ደውላ የጠራቻት ማርቲ የምትባል እናት ኤሊ የተባለውን ሕፃን ልጇን አዝላ ከዋጫ መጣች። ጀሶው ወልቋል፤ የልጁ እግር ተመልሶ ተጣሟል። ጋሽ ጣሰው ሊያምባርቁ ሲሉ አብርሆት እጅጌያቸውን ሳብ አደረገችና «ይጠይቁ እንጂ አይቆጡ» አለቻቸው።

ቁጣቸውን ዋጥ አደረጉና «ለምን ቀረሽ ልጄ?» አሉ።

«እኔ ቀረሁ ጋሼ? ሁለት ጊዜ መጣሁ! ዘበኛው ዛሬ ጀሶ የለም ብሎ መለሰኝ። በቃ፣ ተስፋ ቆረጥኩ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«መቼ ነው የመጣሽው?»

«ረቡዕ ነዋ!»

«ማን ረቡዕ አለሽ? እኔ ያልኩሽ የዛሬ ስምንት!»

«እሱን አይደል የምለው!» ማርቲ ጣቶቿን ዘረጋች። «የነገሩኝ ማክሰኞ ዕለት ነው። ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት...» ቆጥራ ቆጥራ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ረቡዕ ሆነ።

ጋሽ ጣሰውም በጣታቸው ተከትለው ቆጠሩ። በአባታቸው ቤት «የዛሬ ስምንት» ማለት ሳምንት ነው፤ ዛሬም ይቆጠራል። በካፊኖኖ አፏን ለፈታችው ለማርቲ ግን ስምንት ያው ስምንት ነው።

«ወይ ጉድ! ቸልተኛውስ የእኔ ምላስ ነው!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ቆይ ጋሽ ጣሰው፣ የአንድ ሰው ቃል ገና ምርምር አይባልም» አለች አብርሆት። «የቀሩትን ሁሉ እንጠይቅ። ከዚያ አነጋገሩን ቀይረን ይመለሱ እንደሆነ እንይ።»

ጠየቁ። አንዳንዷ ቡና ለቀማ፣ አንዳንዷ መኪና መጥፋት ብትልም አብዛኞቹ ረቡዕ መጥተው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጣሰው እናቶችን «ማክሰኞ ኑ!» እያሉ ይሸኙ ጀመር። ክፍሉ እንደገና በልጆች ለቅሶ ሞላ። ክፍሉ ይዘጋ የሚለውም ወሬ ቀረ።

ኤሊ በርጩማ ይዞ በሁለት እግሩ የቆመ ዕለት፣ ጋሽ ጣሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይህን ጊዜ የላቦራቶሪው በዛብህ ብቅ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ እኛም ክፍል ጥናት መጣ አሉ። ማንን ሊቀንሱ ነው?»

«ሞኝ! የሚቀንሰው የልጆች መከራ ነው። የናሙና ውጤት ለምን እንደሚዘገይ ካንተ በላይ ማን ሊጠይቅ ነው? ና፣ እኔና አብርሆት እናሳይሃለን።»

«መቼ ልምጣ?»

«የዛሬ ስም...» ጋሽ ጣሰው አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። «ማክሰኞ! ማክሰኞ ና!»