የእንግዳው መደብ

ከአዲስ አበባ ተመድቤ ሐረር ውስጥ መናፈሻ በምነድፍበት ዘመን፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ በዛፎቹ ጥላ ሥር የድንጋይ መደቦች አሠራሁ። በውሃ ልክ የተለኩ፣ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ኮርቼባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ይመጣሉ፣ ቆመው ያያሉ፣ ሳይቀመጡ ይሄዳሉ። ሲብስብኝ ከመካከላቸው አንዱን፣ አው አብዶሽን፣ "አባባ፣ ምኑ ነው ያልጣመዎት?" አልኳቸው። እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ሳሎኑ ውስጥ ቀያይ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። አንዱ ላይ አስቀመጡኝና "ይህ የእንግዳ ነው። ከፍ ያለው የታላላቆች፣ ታችኛው የልጆች። አንተ ሁሉንም እኩል አደረግህብን፤ ወላሂ፣ አባት ከልጁ እኩል እንዴት ይቀመጥ?" አሉኝ።

የመናፈሻውን መደቦች አፍርሼ በደረጃ አሠራኋቸው። ሥራው ያለቀ ዕለት መደቦቹ በሰው ሞልተው አገኘኋቸው። እኔም ቦታዬን አውቄያለሁ ብዬ ወደ እንግዳው መደብ ሳመራ፣ አው አብዶሽ ከዘራቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። "ያ የእንግዳ ነው" አሉና ጎልማሳ ልጆቻቸው ወደተቀመጡበት ወደ ታችኛው ጠቆሙኝ። ልጆቹ ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። ዝቅ ተደርጌ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።