ፓክ ሰማን ቃሪያውን የበሉ ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ ክብራችሁ ከዘይት ሥር የተደበቀ መካኒኮችም ጭምር፤ ለስንብቴ ሥጋ በስንጥር ሰክታችሁ ሳቴ ስለጠበሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የቡድናችን አለቃ ፑዋን ሮሃያ «ኢዛራ፣ አሳጥሪው» ብለውኛል። እሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ ግን ሳቴው ቀዝቅዞ እንደገና ሞቋል።

ዘንድሮ በባለአንድ መቀመጫ የውድድር መኪና እስያን ስንዞር ሁለት ነጂዎች ነበርን፤ እኔና ካቪን። ለመጪው ዓመት ያለን መኪና ግን አንድ ነው። «ሴፓንግ መወዳደሪያ ላይ፣ በመጨረሻው ውድድር የቀደመ ይወስደዋል» ተባለ። ተወሰደ። ለዚህ ነው እኔ ቆሜ የማወራው፣ እሱ ተቀምጦ የሚበላው።

ካቪን፣ እውነቱን ልንገርህ? ቀንቼብሃለሁ። በፍጥነትህ ብቻ መስሎሃል? ጓንትህን እንኳ እናትህ ተኩሳ ትልክልሃለች! የኔዋ «መኪና የነዳ እጅ መጥረጊያ አያቅተውም» ነው የምትለኝ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ቃሪያው ነው። ዋናው መካኒካችን ፓክ ሰማን በሄድንበት ሁሉ ቀይ ቃሪያና ሽንኩርት በስንጥር ሰክተው ከጋራዡ ጀርባ ይተክላሉ፤ ዝናብ እንዳይመጣ። ደረቁ መንገድ የካቪን ነው፣ እርጥቡ የኔ። ሰማዩ ራሱ ለሌላ ሰው ሲሠራ ማን አይቀናም?

«ፓክ፣ ሰማዩን ሊጠብሱት ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«አፍሽን ያዢ፣ አንቺ ልጅ! ሳትወለጂ ስንት ደመና መልሻለሁ።»

«እሱማ በርስዎ ዘመን ደመናም በእግሩ ነበር የሚሄደው።»

ጃፓንን ታስታውሳላችሁ? ፓክ የሚያቃጥል ቢያጡ የማያቃጥለውን አረንጓዴ ቃሪያ ተከሉ። ዶፍ ወረደ፤ እኔም አንደኛ ወጣሁ። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ቃሪያውን ሲወቅሱ ከረሙ፤ «ሰማዩ ምን ያድርግ፣ አላቃጠለው!»

ሴፓንግ ላይ ጠዋት ደመናው ሲከብድ ሮጬ ወደ ጋራዡ ጀርባ ሄድኩ። ስንጥሩ የለም።

«ፓክ፣ ቃሪያውስ?»

«በላሁት» አሉኝ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ። «ለቁርሴ ማባያ አነሰኝ።»

እኚህ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ከኪሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው! ለኔ ብለው እንደበሉት ገባኝ።

ዘነበ። መራሁ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ግን ካቪን በውስጥ በኩል ሾልኮ አለፈኝ። በዝናብ! ከመኪናው ሳይወርድ ደረስኩበት።

«አንተ፣ ዝናብ ማን አስተማረህ?»

«አንቺ ነሻ። የጃፓኑን ቪዲዮሽን ሌት ተቀን ሳይ ነው የከረምኩት። ቀንቼብሽ።»

ቅናት እንኳ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱንም ወሰደብኝ!

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ለትምህርት ቤት ፈተና አጠናለሁ፤ ከዚያ ሌላ መቀመጫ ፍለጋ እወጣለሁ። ፑዋን ሮሃያ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ንግግርዎን ያሳጥርልን። መካኒኮች፣ እጃችሁን ከእሳትም ከብረትም ይጠብቅልኝ። ካቪን፣ «መቀመጫው ይመችህ» ልልህ በመስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ትንሽ ይቆርቁርህ፤ ግን በደህና ወስዶ በደህና ይመልስህ።

ፓክ ሰማን፣ ዓመቱን ሙሉ ቃሪያዎን ይትከሉለት፤ አልቀየምም። እኔና እሱ እንደገና በአንድ መንገድ የምንሰለፍ ቀን ግን፣ እባክዎ፣ ቁርስዎን በደንብ ይብሉ።